ባንኮክ ለሕክምና የምትሄዱ፣ ስለ ማረፊያችሁ ላውራችሁ

ከአገር ወጥቶ መታከም ግድ ሲሆን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሐኪሙ ነው። ቀጥሎ ስለ ቪዛው፣ ስለ ዶላሩ፣ ስለ ቲኬቱ። ማረፊያው የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። «እዚያ ስንደርስ ሆቴል አናጣም» ይባላል። እውነት ነው፣ ባንኮክ ሆቴል አይታጣም። እኔ ግን እናቴን ይዤ ሄጄ ካየሁት በኋላ፣ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምለው አንድ ነገር አለ። የታማሚው ማረፊያ የሕክምናው አካል ነው። ከሐኪሙ ቀጥሎ መታሰብ ያለበት እሱ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እገሌ ውጭ ሄዶ ታከመ ሲባል፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ሰው ነው የሚታየን። ባንኮክ ግን ሕክምናው በአብዛኛው ተመላላሽ ነው። መጀመሪያ ምርመራ አለ፤ ደም፣ ኤምአርአይ፣ የልብ ምርመራ። ውጤት ይጠበቃል። ቀዶ ሕክምና ካለ ጥቂት ቀን ይተኛል። ከዚያ ቶሎ ያስወጣሉ። የናሙና ውጤት መስማት፣ ቁስል ማሳየት፣ ክር ማስወጣት፣ መድኃኒት ማስተካከል፣ ይህ ሁሉ ከውጭ እየተመላለሱ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ቀን የሚያልፈው ሆስፒታል ሳይሆን ማረፊያችሁ ውስጥ ነው። ምግብ የሚበላው፣ መድኃኒት የሚዋጠው፣ ለቤተሰብ የሚደወለው፣ የሚለቀሰውም እዚያ ነው።

እኛ የመረጥነው አፓርታማ ሆቴል ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «ሰርቪስድ አፓርትመንት» በሚል ስም ነው የምታገኙት። እንደ ሆቴል ሪሴፕሽን፣ ጥበቃና አጽጂ አለው። እንደ ቤት ደግሞ ሳሎን፣ ማብሰያ፣ ፍሪጅና ብዙ ጊዜም የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው። በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር ይከራያል። ባንኮክ በተለይ ትልልቆቹ የግል ሆስፒታሎች አካባቢ በጣም ብዙ ናቸው። የሚኖርባቸውም እንደ እኛው በሽተኛ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ከኦማን፣ ከኳታር፣ ከባንግላዴሽ፣ ከምያንማር የመጡ ቤተሰቦች ሊፍት ውስጥ ያጋጥሟችኋል።

ተራ ሆቴልስ? ለሁለት ሦስት ቀን ምርመራ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከባድ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ታማሚዋ ተኝታ እናንተ መብራት ማብራት አትችሉም። ስልክ ለማውራት ኮሪደር ትወጣላችሁ። እማዬ ደግሞ ስኳር አለባት። ሰዓቷን ጠብቃ፣ የምታውቀውን ምግብ መብላት አለባት። ያለ ማብሰያ ይህ አይሆንም።

ሌላው አማራጭ ግለሰቦች በኢንተርኔት የሚያከራዩት የኮንዶሚኒየም ክፍል ነው። ዋጋው ይማርካል፣ ፎቶውም ያምራል። ግን ይህን እወቁ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የሆቴል ሕግ በጥቅሉ ሲታይ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ክፍል የሚያከራይ ሰው የሆቴል ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ብዙ ኮንዶሚኒየሞች ለቀናት ማከራየት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ መግቢያቸው ላይ ለጥፈዋል። በሽተኛ ይዞ ከጥበቃ ጋር መጨቃጨቅ ማንም አይፈልግም። ሁለተኛው ጉዳይ ምዝገባ ነው። የውጭ ዜጋ ያሳረፈ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ቅጹ ቲኤም 30 ይባላል። ሆቴልና ፈቃድ ያለው አፓርታማ ይህን በራሱ ይሠራል። ግለሰብ አከራይ ሊረሳው ይችላል። ሕክምናው ረዝሞ ቪዛ ማራዘም ሲያስፈልግ ደግሞ ይህ ምዝገባ ይፈለጋል። ስለዚህ ገና ስትገቡ «ቲኤም 30 ታስመዘግባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማራዘሚያው ራሱ 1,900 ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ይከፈልበታል፤ ከሆስፒታሉ ደብዳቤም ያስፈልጋል።

ከመሄዳችሁ በፊትም የማረፊያችሁ አድራሻ ያስፈልጋችኋል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ ታይላንድ የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የዲጂታል መግቢያ ካርድ በኢንተርኔት ይሞላል። የሚሞላው ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። የት እንደምታርፉ ይጠይቃል። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካያችሁ ውጡበት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም አትርሱ፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የት ሰፈር?

መልሱ የሆስፒታላችሁ ሰፈር ነው። ባንኮክ ሰፊ ናት፣ መንገዷም ይጨናነቃል። ካርታ ላይ አምስት ደቂቃ የሚመስለው በመኪና ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ማታ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከዚያም በላይ። ብዙ ሐበሻ የሚሄድበት ቡምሩንግራድ ሆስፒታል ሱኩምቪት ሶይ 3 ላይ ነው። ሳሚቲቬት ሱኩምቪት ደግሞ ሶይ 49 ነው። ሁለቱም ሱኩምቪት ቢባሉም መሀላቸው ሩቅ ነው። ሶይ ማለት ከዋናው መንገድ የሚገባ ቅያስ ነው። የሱኩምቪት ጎዶሎ ቁጥሮች በአንድ በኩል፣ ሙሉ ቁጥሮች በሌላው በኩል ናቸው። ይህን ካወቃችሁ አትጠፉም።

ሶይ 3 እና ሶይ 3/1 አካባቢ የአረብ ሰፈር ነው የሚመስለው። ሐላል ምግብ ቤት፣ ሽቶ ቤት፣ ገንዘብ መንዛሪያ ሞልቷል። የሐበሻ ምግብ ቤትም እዚያ ይገኛል። ከዋናው መንገድ ማዶ ያለው ሶይ 4 ግን የሌሊት መጠጥ ቤቶች ሰፈር ነው። ከእናት ጋር ወይም ከልጅ ጋር የሚሄድ ሰው በጎዶሎው ቁጥር በኩል ቢያርፍ እመክራለሁ። ክፍል ስትይዙም ከመንገዱ በተቃራኒ ያለውን፣ ከፍ ያለ ፎቅ ጠይቁ። አጠገቡ ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ ጠዋት በማሽን ድምፅ ነው የምትነሱት። «በአጠገባችሁ ግንባታ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ያለው ነገር ይነግሯችኋል።

እግር መንገዱንም አስቡ። ጠባብ ነው፤ ድንጋዩ የተነሳበት፣ የምግብ ጋሪ የቆመበት ቦታ አለ። በዊልቸር የሚሄድ ታማሚ ካላችሁ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ጠይቁ። እኛ ሆስፒታሉ ድረስ በእግር የሚያስኬድ ቦታ ነበር የያዝነው። እማዬ መሄድ በማትችልባቸው ቀናት ታክሲ እንጠራለን። ጤናዋ ሲመለስ ደግሞ ያቺው መንገድ የእግር ልምምዷ ሆነች። ሐኪሙ «በየቀኑ ተራመጂ» ብሏት ነበርና ሆስፒታሉ በር ድረስ ደርሰን እንመለሳለን። ቅያሱ ውስጥ ገባ ያሉ ሕንፃዎች እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ የሚያመላልስ ነፃ ቱክቱክ አላቸው። እሱንም ጠይቁ። ወደ ሆስፒታል በራሳቸው መኪና የሚያደርሱም አሉ።

ከኤርፖርት ስትወጡ ታክሲው ታችኛው ወለል ላይ ነው። ከማሽኑ ቁጥር ያለበት ወረቀት ትወስዳላችሁ፤ ቁጥሩ ታክሲያችሁ የቆመበት ቦታ ነው። ወረቀቷን እስክትደርሱ አትጣሏት። ሂሳቡ በሜትር ነው፤ ከ35 ባት ይነሳል። የኤርፖርት 50 ባትና የፈጣን መንገዱ ክፍያ ይጨመርበታል። አንድ ትልቅ ምክር አለኝ። ከመነሳታችሁ በፊት ማረፊያችሁ አድራሻውን በታይኛ ጽፎ በስልክ እንዲልክላችሁ አድርጉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የማያነብ ሹፌር ብዙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በአውሮፕላን የመጣች በሽተኛ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መንገድ ጠፍቶ መዞር አያስፈልግም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ረጋ ብዬ ልናገር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል።

ዋጋ ስትጠይቁ «ኔት ነው ወይ?» በሉ፤ ሁሉ ተጨምሮበታል ወይ ማለት ነው። ብዙ ቦታ የሚነገረው ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። በዚያ ላይ 7 በመቶ ቫት ይመጣል። 2,000 ባት የተባላችሁት ክፍል ስትከፍሉ 2,354 ባት ይሆናል። በሳምንታት ሲባዛ ብዙ ገንዘብ ነው። በወር ስትከራዩ ደግሞ ዋጋው በጣም ይወርዳል፣ ግን መብራትና ውሃ ለብቻ በቆጣሪ ሊታሰብ ይችላል። በባንኮክ ሙቀት ኤሲው ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው። ስለዚህ መብራት በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ ካልሆነም አንዱ ኪሎዋት ስንት እንደሚታሰብ አስቀድማችሁ አጣሩ። ስትገቡ የቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የወር ኪራይ ርካሽ ነው ብላችሁ ገና ከአዲስ አበባ ሆናችሁ የወር አትክፈሉ። ሐኪሙ በሽተኛዋን ሳያይ ስንት ቀን እንደምትቆዩ ማንም አያውቅም። ምርመራው «ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም» ሊል ይችላል። ተቃራኒውንም ሊል ይችላል። እኛ መጀመሪያ ለሳምንት ብቻ ያዝን። ሐኪሙ ዕቅዱን ሲነግረን ሪሴፕሽን ሄደን በአካል ተነጋገርን። በኢንተርኔት ከያዝነው የተሻለ ዋጋ ሰጡን። ለሕክምና መምጣታችሁን ንገሯቸው፣ የሆስፒታሉን ካርድ አሳዩ። ለታማሚ ቤተሰብ ቅናሽ የሚያደርጉ አሉ። ደግሞም ሁለት ነገር በጽሑፍ ይሁንላችሁ፤ ቀድማችሁ ብትወጡ ቀሪው ይመለሳል ወይ? በዚያው ዋጋስ ማራዘም ይቻላል ወይ?

ዲፖዚት፣ ማለትም የመያዣ ገንዘብ፣ ይጠየቃል። ካርድ ስትሰጡ ገንዘቡን ይይዙታል፤ ስትወጡ ይለቁታል። ከባንክ እስኪለቀቅ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ከአገራችን ባንክ በወሰዳችሁት፣ ውስን ዶላር በተሞላበት ካርድ ከሆነ የምትከፍሉት ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ለመድኃኒት ያሰባችሁት ገንዘብ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ዲፖዚቱን በጥሬ ባት መክፈል ይሻላል። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ደረሰኙን ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡ። ደረሰኙ ላይ ያለው የዓመተ ምሕረት ቁጥር አያስደንግጣችሁ። ታይላንዶች የቡድሃ አቆጣጠር ስላላቸው እ.ኤ.አ. 2025 ለእነሱ 2568 ነው። እኛ የራሳችን አቆጣጠር ያለን ሰዎች ቶሎ እንለምደዋለን። የወተት ካርቶን ላይም የሚያበቃበት ቀን አንዳንዴ እንደዚያ ነው የሚጻፈው።

ክፍሉን ስትመርጡ ሳሎኑ ምን ያህል እንደሚያምር አትዩ። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን እዩ። ገንዳ ብቻ ያለው መታጠቢያ ሆዷ ለተቀደደ ሴት አይሆንም። እግር አንስቶ የገንዳውን ጠርዝ መሻገር ያማል፣ ያንሸራትታልም። ወለሉ ላይ ቆሞ የሚታጠቡበት ሻወር ይሁን። ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ቢኖር ደስ ይላል። ከሌለ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ወንበር ጠይቁ። እኛ ጠይቀን ወዲያው አመጡልን። ከዚያ አልጋውን እዩ። በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ መነሳት ያስቸግራል። ኤሲው በቀጥታ ታማሚዋ ላይ የሚነፍስ ከሆነ ክፍል አስቀይሩ። ፎቶ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ በስልክ ላኩልን በሏቸው።

መኝታ ቤቱ በር ያለው ይሁን። ስቱዲዮ የሚሉት በር የሌለው አንድ ክፍል ነው፤ ርካሽ ነው። አስታማሚም ግን ሰው ነው። ማታ እሷ ከተኛች በኋላ ሳሎን ወጥቼ ከወንድሞቼ ጋር በስልክ እናወራለን። የሐኪሙን ወረቀት ዘርግቼ አያለሁ፣ የነገውን ጥያቄ እጽፋለሁ። ያ በር ባይኖር እሷም አትተኛም፣ እኔም ጠዋት ሐኪሙ ፊት ነቅቼ አልቀርብም ነበር። ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት፣ አቅም ካለ፣ ለዚህ በር ቢከፈል አያስቆጭም።

ፍሪጁ ሌላ ጉዳይ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በረዶ ከሚሠራው ክፍል (ከፍሪዘሩ) አጠገብ ካስቀመጣችሁት ይቀዘቅዝና በረዶ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን አይወሰድም። መሀል መደርደሪያ ላይ አድርጉት። ሌላም አለ። ብዙ ክፍሎች መብራታቸው የሚሠራው የበሩ ካርድ ግድግዳው ላይ ሲሰካ ነው። ካርዱን ይዛችሁ ስትወጡ መብራት ይጠፋል። ፍሪጁም አብሮ ይጠፋ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አረጋግጡ። ካርዱን ነቅሎ፣ የፍሪጁን በር ከፍቶ መብራቱን ማየት ብቻ ነው።

ማብሰያው ላይ ልቆይ፤ ሰው በብዛት የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነውና።

አብዛኛው አፓርታማ ጋዝ የለውም። ኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በሙቀት ቀልቶ የሚያበስል ሲሆን ማንኛውንም ድስት ይቀበላል። ሁለተኛው ኢንዳክሽን የሚባለው ነው። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። የእኛ የአሉሚኒየም ድስት ላዩ ላይ ብታስቀምጡት አይሞቅም። የሸክላ ጀበናም አይሞቅም። ስለዚህ ከቤት ድስት ተሸክማችሁ አትሂዱ። እዚያው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ማግኔት የሚይዘው ትንሽ ድስት በርካሽ ይገኛል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሁለት ሰው የተሰላ ነው። ተጨማሪ ስትጠይቁ ይሰጧችኋል።

ስለ ጀበናዋ ግን ልንገራችሁ። እማዬ ያለ ጀበና አልሄድም ብላ በልብስ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ምድጃው ኢንዳክሽን ሆነ። ቡናውን በትንሽ ድስት አፍልተን ወደ ጀበናዋ ገለበጥነው። እዚያ ውስጥ ትንሽ ሰከን ካለ በኋላ በሲኒ ቀዳች። ለእሷ ቡና ማለት ከጀበና መቅዳት ነው፤ ያን አላጣችም። ቡናው ግን ከቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ ይሄድ። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላት፣ ዕጣን ማጨስ አይሞከርም። ኮርኒሱ ላይ የጭስ መጠቆሚያ አለ፤ ከጮኸ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል፣ ቅጣትም ሊኖር ይችላል። ቁሌትም በመጠኑ ይሁን። የጭስ መሳቢያውን አብሩ፣ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፣ እሳቱን ቀንሱ። በርበሬውን ሽንኩርቱ ውኃ ሲኖረው ጨምሩት፤ አይጨስም፣ አያስነጥስም።

ከአገር የሚያዘው ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ የተፈጨ ቡና ነው። በደንብ የታሸገና ምንነቱ የተጻፈበት ይሁን። ቋንጣ አትያዙ። ሥጋና የሥጋ ውጤት ያለ ፈቃድ ወደ ታይላንድ ማስገባት ክልክል ነው። ቀሪው እዚያው ይገኛል። ሱኩምቪት ሶይ 5 ላይ ፉድላንድ የሚባል 24 ሰዓት የሚሠራ ሱፐርማርኬት አለ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ወተት ታገኛላችሁ። ካና የሚሉት ቅጠል አለ፤ አገዳው ተለይቶ ሲቀቀል ጎመን ይሆናል። ምስር ክክ በአረብና በሕንድ ሱቆች አለ። እንጀራ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች ይገዛል፤ ቀድሞ ደውሎ ማዘዝ ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ አትጠቀሙ። በየቀኑ ሁለት ጠርሙስ ውሃ በነፃ የሚያስቀምጡ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ቀሪውን በየመንገዱ ካለው ሰቨን ኢለቨን ከሚባለው ሱቅ በትልቁ ግዙ።

ለጾመኞች አንድ ነገር ልጨምር። ታማሚ ከጾም እንደሚፈታ ካህናት ይናገራሉ፤ ሐኪሙም ይናገራል። እናቶች ግን እሺ አይሉም። እማዬም በፍልሰታ ጾም እሺ አላለችም። የታይላንድ ምግብ አትክልት ብቻ ቢመስልም የዓሣ መረቅ ይገባበታል። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ «ጄ» ተብሎ በፊደላቸው የተጻፈበት ምግብ ቤት ካያችሁ ግን ግቡ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅም የለበትም። ምልክቱን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ያዙት። እኛ በጠዋት ከቤት ሽሮ ወይም ምስር ሠርተን ነበር የምንወጣው። ስኳሯ ከታሰበው በላይ የተስተካከለው በዚያ ይመስለኛል፤ የምታውቀውን ምግብ፣ በሰዓቱ፣ በልኩ ነበር የምትበላው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ብዙ አያስቸግርም። ቁልፎቹ በታይኛ ከሆኑ የስልክ መተርጎሚያ በካሜራ ያነብላችኋል። ከአገር የያዛችሁት ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ቻርጀር ሶኬቱ ውስጥ ይገባል፤ ኃይሉም 220 ቮልት ነው።

ስለ ሰዎቹም ልናገር ይገባኛል። ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት እንግሊዝኛ አትችልም፣ እማዬም አትችልም። ሴትዮዋ ግን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ እማዬ ባየቻት ቁጥር «አይዞሽ፣ ግቢ» ትላታለች፤ ሴትዮዋ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገጥማ ጎንበስ ትላለች። እማዬ ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን አንሶላውን ሳንጠይቅ ቀይራ፣ ተጨማሪ ትራስ አምጥታ ጠበቀችን። የበሩ ጥበቃ ታክሲ ሲመጣ ዊልቸሩን አውጥቶ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ነገር ትልቅ ሆቴል ውስጥም ልታገኙት ትችላላችሁ። ሳምንታት አብሮ የኖረ ሰው ግን ታማሚዋን በፊቷ ያውቃታል። ዛሬ ደክማለች፣ ዛሬ ተሽሏታል ይላል።

ሐበሾቹ ደግሞ አሉ። ሊፍት ውስጥ አማርኛ ሰምተን ዞር አልን፤ አባታቸውን ለልብ ሕክምና ይዘው የመጡ ወንድማማቾች ነበሩ። እማዬ ከሰዓት በኋላ ቡና ብላ ጠራቻቸው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰው አላጣም። ማን ሐኪም ጋ ቀጠሮ እንደሚፈጥን፣ መድኃኒቱን ሆስፒታሉ ውስጥ ከመግዛት ውጭ ፋርማሲ መግዛት የሚሻለው የትኛው እንደሆነ፣ ገንዘብ የት በጥሩ እንደሚመነዘር፣ ሁሉን የሰማነው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው። አባትየው እና እማዬ ስለ በሽታቸው አያወሩም ነበር። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ መርካቶ፣ ስለ ድሮ ኑሮ ያወራሉ። ሳቋን ከወራት በኋላ የሰማሁት እዚያ ነው። ለአስታማሚ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? ተራ የሆቴል ክፍል ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበትም ቦታ የለም። ወደ አገር የሚመለስ ሰው የተረፈውን ሽሮና በርበሬ፣ ድስቱን፣ የሻወር ወንበሩን ለሚቀረው ይሰጣል። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ስትደርሱም ሪሴፕሽኑን «ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰው ስም ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ መልእክት ግን ያደርሳሉ።

የምትሄዱበትን ወር መምረጥ ከቻላችሁ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው አየር ለታማሚ ይሻላል። ሚያዝያ እጅግ ሞቃት ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 13 እስከ 15 የሶንግክራን በዓላቸው ነው፤ መንገድ ላይ ውሃ ይረጫጫሉ፣ ብዙ ሐኪሞችም እረፍት ይወጣሉ። ቀጠሮ ከዚያ ጋር እንዳይገጥም የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ። አመሻሽ ላይ መራመድ ለሚፈልግ ፍሮምፖንግ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቤንጃሲሪ የሚባል ፓርክ አለ፤ ወንበር አለው፣ ጥላ አለው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ብሔራዊ መዝሙራቸው ይሰማል፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። እናንተም ቁሙ።

የመመለሻውን ቀን አስቀድማችሁ አስቡበት። ክፍል የሚለቀቀው በእነሱ 12 ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። የእኛ በረራ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነበር። ገና ያላገገመች ሴት ያን ሁሉ ሰዓት ሎቢ ውስጥ አትቀመጥም። ስለዚህ ዋጋ ስንነጋገር ገና በመጀመሪያው ሳምንት «የመጨረሻውን ቀን እስከ ማታ እንቆያለን፣ ስንት ይሆናል?» ብለን ተስማማን። የግማሽ ቀን አስከፈሉን። በመጨረሻው ሰዓት ብትጠይቁ ክፍሉ ለሌላ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ክፍሉን አይቶ የሚረከብ ሰው ቀደም ብሎ እንዲመጣ ንገሯቸው፤ ዲፖዚቱ በጥሬው ይመለስላችሁና የቀረውን ባት ኤርፖርት ሳትደርሱ መንዝሩ። ታማሚው ለመብረር ብቁ ነው የሚለውን የሐኪም ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ማዘዣውንና ኢንሱሊኑን በእጅ ሻንጣ ያዙ። ዊልቸሩንም ለአየር መንገዱ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት አስመዝግቡ።